ሥሩን ሳላይ አልተክልም

አንድ የቡና ችግኝ ሲተከል ሥሩ ላይ የደረሰ ጉዳት በዚያው ሳምንት አይታይም። በዚያው ዓመትም ላይታይ ይችላል። ቅጠሉ ለምልሞ ይከርማል፣ አዲስ ቅርንጫፍ ያወጣል፣ ተካዩም «ጸደቀልኝ» ብሎ ፈጣሪውን አመስግኖ ወደ ሌላ ሥራው ይሄዳል። ጉዳቱ የሚገለጠው ከሦስትና ከአራት ዓመት በኋላ ነው፤ ዛፉ የመጀመሪያውን ሙሉ ፍሬ ተሸክሞ በጋ ሲገባበት። ያኔ ቅጠሉ ይገረጣል፣ የቅርንጫፎቹ ጫፍ ይደርቃል፣ ነፋስ ሲመጣ ግንዱ ከታች ይነቃነቃል። ባለቤቱ በሽታ ይፈልጋል፣ አፈሩን ይወቅሳል፣ ሰማዩን ይማጠናል። የተከላው ቀን ግን ትዝም አይለው።

አባቴ ይህን ሳያውቅ ሞተ። ስለዚህ ነገር ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ብዕር አንስቼ መልሼ አስቀምጫለሁ፤ የአባትን ድካም በአደባባይ ማውራት ይከብዳል። ዛሬ የምጽፈው እሱ የደረሰበት ሐዘን በሌላ አባት ላይ እንዳይደርስ ስለምፈልግ ነው።

ከአጋሮ ከተማ ወጣ ብሎ፣ ጎማ ወረዳ ውስጥ፣ ግማሽ ሄክታር የማትሞላ የቡና ማሳ ነበረችው። ችግኙን የሚያገኘው ያኔ ብዙ ሰው በሚያገኝበት መንገድ ነበር፤ ከትልልቅ የቡና ዛፎች ሥር ፍሬ ወድቆ በራሱ የበቀለውን ከዝናብ በኋላ መንቀል። የነቀለውን በኮባ ቅጠል ጠቅልሎ ያመጣል። ከዚያም በሹል እንጨት መሬቱን ወግቶ፣ ሥሩን ቀዳዳው ውስጥ ከትቶ፣ በተረከዙ ይረግጠዋል። ሲተክል አብሬው እሄድ ነበር፤ ችግኝ አቀባዩ እኔ ነበርኩ። ጀርባው በላብ ርሶ፣ ዝናቡ እየወረደበት፣ ሳይመሽበት ለመጨረስ የሚያደርገው ጥድፊያ ዛሬም ዓይኔ ላይ አለ።

ቡናው ጸደቀ። አማረም። ጎረቤት ሁሉ የሚያየው ቡና ነበር። ፍሬ የያዘ ዓመት ግን እየተመረጠ ይደርቅ ጀመር፤ አንዱ ደህና ቆሞ፣ አጠገቡ ያለው ቅጠሉን አራግፎ። አባቴ የደረቀውን እየነቀለ በቦታው በዚያው በሹል እንጨት ሌላ ይተክላል። የተተካውም ጊዜውን ጠብቆ ይከተላል። ሰውዬው በመጨረሻ ማጉረምረም እንኳን ተወ። አንድ ማታ ቡና እየተፈላ ሳለ ለእናቴ ቀስ ብሎ «መሬቱ አልወደደኝም» ሲላት ሰማሁት። ይህች ቃል ከልጅነቴ ጀምሮ ጆሮዬ ውስጥ ኖራለች። አንድ ገበሬ ስለገዛ መሬቱ እንዲህ ብሎ መተኛት ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ግን ቆይቶ ነው።

የአባቴ አርባ ካለፈ በኋላ ማሳውን ልረከብ ከአዲስ አበባ ተመለስኩ። ያረጁትን ልጎነድል፣ የሞቱትን ልነቅል አስቤ ነበር። ከደረቁት አንዱን በሁለት እጄ ይዤ ወዘወዝኩት። ዶማ ሳያስፈልገው ተነቅሎ እጄ ላይ ቀረ። ጎልማሳ የቡና ዛፍ እንዲህ መነቀል አይገባውም። አፈሩን አራግፌ ሳየው ዋናው ሥር አንድ ስንዝር ያህል ወርዶ፣ እንደ መንጠቆ ተቆልምሞ ወደ ላይ ተመልሷል። ሌላውን ነቀልኩ፤ እሱም ያው። ሦስተኛው ሥሩ በራሱ ላይ ተጠምዝዞ ተጣብቋል። ደህና ከቆሙት መካከል እርጅና የተጫነውን አንዱን ደግሞ ቆፍሬ አየሁ፤ የሱ ሥር ቀጥ ብሎ ወርዷል፤ እስከ መጨረሻው ቆፍሬ አልደረስኩበትም።

እዚያው ማሳው ውስጥ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። አባቴ ሰነፍ አልነበረም። መሬቱም አልጠላውም። ቀዳዳው ጠባብና አጭር ስለነበር ሥሩ መሄጃ አጥቶ ታጠፈ። ይህን የሚነግረው ሰው በዕድሜ ልኩ አልመጣም።

የቡና ሥር እንዴት እንደተሠራ ካወቅን ነገሩ ግልጽ ይሆናል። አረቢካ ቡና አጠር ያለ ዋና ሥር አለው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከግማሽ ሜትር ብዙም አይርቅም። ከእሱ የሚነሱት ቁልቁል ወራጅ ሥሮች ግን አፈሩ ከፈቀደላቸው እስከ ሁለትና ሦስት ሜትር ይዘልቃሉ። ምግብ ሰብሳቢዎቹ በላይኛው 30 ሳንቲ ሜትር አፈር ውስጥ ወደ ጎን የሚዘረጉት ናቸው። ክረምት ላይ እነዚህ የላይኞቹ ብቻቸውን ዛፉን ይመግባሉ፤ ለዚህ ነው የታጠፈ ሥር ያለው ቡና በክረምት ደህና የሚመስለው። ጥርና የካቲት ሲመጣ የላይኛው አፈር ይደርቃል። ውኃ ያለው ከታች ነው፤ ወደ ታች የሚወስደው መንገድ ደግሞ ተቆልምሟል። ፍሬ ያልያዘ ዛፍ እንደምንም ይሻገራል። ፍሬ የተሸከመ ግን ያለውን ሁሉ ለፍሬው ሰጥቶ ራሱ ይደርቃል።

ይህን ሁሉ ያስተማሩኝ በሊሙ በኩል፣ ቡና እርሻ ውስጥ፣ ችግኝ ሲያፈሉ ዕድሜያቸውን ያሳለፉ እናት ናቸው። ጡረታ ወጥተው ልጃቸው ዘንድ አጋሮ ይኖሩ ነበር። ከአንድ ችግኝ ጣቢያ ችግኝ ገዝቼ ልተክል ስሰናዳ ሰው ወደሳቸው መራኝ። ማሳው ድረስ መጡልኝ። ችግኞቹ ጥቁር አረንጓዴ፣ ቅጠላቸው የሚያብረቀርቅ፣ ዓይን የሚስቡ ነበሩ። እሳቸው ግን ቅጠሉን ዞር ብለውም አላዩት።

«ልጄ፣ ከያንዳንዱ ረድፍ አንድ አንድ አምጣልኝ። ሳፋ ውኃም አምጣ።»

ፕላስቲኩን ቀደው ችግኙን ከነአፈሩ ውኃው ውስጥ ነከሩት። አፈሩ ቀስ እያለ ሲለቅ ሥሩ ብቻውን ቀረ። የመጀመሪያው ቀጥ ያለ ነው። ሁለተኛው ከላይ ከአንገቱ ሥር ታጥፏል። ሁለተኛው ከመጣበት ረድፍ ሌላ ጨመሩ፤ እሱም ታጥፏል።

«ይሄ ረድፍ አይተከልም» አሉኝ።

«እማማ፣ ቅጠሉ'ኮ ከሁሉም ያምራል!»

«ያምራል። በአራት ዓመቱ አንተን ያስለቅስሃል።»

አባቴን አያውቁትም ነበር። የተናገሩት ከብዙ ዘመን ልምዳቸው ነው፤ እኔ ግን መልስ አጥቼ ቆምኩ። ረድፉን ሙሉ ለብስባሽ አዋልነው። ገንዘብ ወጥቶበታል፣ አዎ። ዛሬም አይቆጨኝም።

ጥፋቱ ገና በችግኝ ጣቢያ እንደሚጀምር ያሳዩኝ እሳቸው ናቸው። ዘሩ መደብ ላይ ተዘርቶ ከበቀለ በኋላ ወደ ፕላስቲክ ሲዛወር ቡቃያው ገና ሁለት ቅጠል ነው፤ ሥሩ ግን ከግንዱ ቀድሞ ረዝሟል። ሠራተኛው በጣቱ ወይም በእንጨት አጭር ቀዳዳ ይሠራና ቡቃያውን ይጨምረዋል፤ የሥሩ ጫፍ ታች ደርሶ ወደ ላይ ይታጠፋል። ከዚያ በኋላ ምንም ዓይነት እንክብካቤ ያንን እጥፋት አያቃናውም፤ ሥሩ ሲወፍር እጥፋቱም አብሮ እየወፈረ ይሄዳል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ቀዳዳውን ከሥሩ ርዝመት አስበልጦ መሥራት፣ ቡቃያውን ዝቅ አድርጎ አስገብቶ ትንሽ ወደ ላይ ሳብ በማድረግ ሥሩን ማቅናት። ሥሩ ከቀዳዳው ከረዘመ ጫፉን በጥፍር ወይም በምላጭ መቁረጥ። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ይደነግጣል፤ እኔም ደንግጬ ነበር። ነገር ግን በንጹሕ የተቆረጠ የሥር ጫፍ ከተቆረጠበት አዳዲስ ሥሮች አውጥቶ ወደ ታች ይቀጥላል፤ የታጠፈ ግን እንደታጠፈ ይኖራል። ዘሩን በቀጥታ ፕላስቲኩ ውስጥ መዝራት ደግሞ ይህን ሁሉ ጣጣ ያስቀራል፤ እኔ አሁን የማደርገው እንደዚያ ነው።

ሁለተኛው አደጋ ችግኙ ፕላስቲክ ውስጥ ከሚገባው በላይ መቆየቱ ነው። ሥሩ ታች ሲደርስ የሚሄድበት ስለሚያጣ ዙሪያውን ይጠመጠማል፤ ወይም በውኃ ማንጠፍጠፊያው ቀዳዳ ወጥቶ የመደቡን አፈር ይይዛል። የተከላው ጠዋት ብድግ ሲያደርጉት ቷ ይላል፤ የሚበጠሰው ዋናው ሥር ነው። ስለዚህ ከተከላው ሳምንታት አስቀድሞ ፕላስቲኮቹን ከመደቡ ማንሳት፣ የወጣውን ሥር በስለት መቁረጥ፣ ውኃ ሰጥቶ እንዲያገግም መጠበቅ ያስፈልጋል። በዚያው ጊዜ የዳሱን ጥላ ቀስ በቀስ ማሳሳት፣ ውኃውንም መቀነስ፤ ችግኝ ከጥላ በድንገት ፀሐይ ላይ ሲወጣ ይደነግጣል። ለተከላ የሚመረጠው ከስድስት እስከ ስምንት ጥንድ ቅጠል ያወጣ ነው። ከዚያ ያለፈውን፣ ረጅም ስለሆነ ብቻ «ቶሎ ያፈራል» ብሎ መውሰድ ሰው ሁሉ የሚሠራው ስሕተት ነው።

ጉድጓዱን በመጋቢትና በሚያዝያ ነው የማስቆፍረው። ስፋቱም ጥልቀቱም 60 ሳንቲ ሜትር፤ የላዩ ጥቁር አፈር ለብቻ፣ የታቹ ለብቻ ይከመራል። ፀሐይና አየር ካገኘ በኋላ ጥቁሩ አፈር ከብስባሽ ጋር ተደባልቆ ይመለስበትና ዝናብ እስኪያረጋጋው ይቆያል። የቀን ሠራተኞቹ «ይህችን ለምታህል ችግኝ?» ይሉኛል። እቆማለሁ፤ እስኪጨርሱ ድረስ ከጎናቸው አልሄድም። አባቴ ያጣው ይህን ጉድጓድ ነውና።

የተከላው ቀን የሚመረጠው ዝናቡ ሲረጋ ነው፤ ሰኔ መጨረሻ ወይም ሐምሌ ላይ፣ ደመና ባለበት ቀን፣ ጠዋት ወይም አመሻሽ። ደመና የሚያስፈልግበት ምክንያት አለው። ችግኝ አብዛኛውን ውኃ የሚጠጣው በወፋፍራሞቹ ሥሮች አይደለም፤ ከሥር ጫፍ ትንሽ ከፍ ብለው በሚወጡ፣ በዓይን ለማየት በሚያዳግቱ ጸጉር መሰል ሥሮች ነው። እያንዳንዳቸው የአንዲት ሕዋስ ቅጥያ ናቸው። አፈሩ ሲፈረካከስ የሚበጣጠሱት እነሱ ናቸው። ቅጠሉ ግን መተንፈሱን አያቆምም፤ ፀሐይ ካለ ከላይ ውኃ እየወጣ ከታች የሚተካ ይጠፋል። ችግኙ የሚጠወልገው በዚህ ነው። የተበጠሱት በአዲስ ይተካሉ፤ እስኪተኩ ድረስ ግን ቀዝቀዝ ያለ ቀንና ጥላ ያስፈልገዋል።

ስለዚህ ዋናው ሥራ አፈሩ ከነሥሩ እንዳይፈርስ ማድረግ ነው። ዋዜማውን ማታ ውኃ ይጠጣል፤ ደረቅ አፈር ይፈረካከሳል፣ የጨቀየም ይንሸራተታል፤ ሌሊቱን ያጠፈፈው ግን ተያይዞ ይቆያል። ሲያነሱት ከታች ፕላስቲኩን ደግፎ ነው እንጂ ግንዱን ይዞ ማንጠልጠል ክልክል ነው። ጉድጓዱ አፍ ላይ ሲደርስ ከፕላስቲኩ ታች አንድ ሁለት ሳንቲ ሜትር በምላጭ ይቆረጣል፤ የተጠመጠመው የሥር ጫፍም አብሮ ይወገዳል። ጎኑ ከላይ እስከ ታች ይቀደድና ችግኙ ቦታው ላይ ከቆመ በኋላ ፕላስቲኩ በቀስታ ተስቦ ይወጣል። አንዲት ቁራጭ እንኳን መቅረት የለባትም።

ጥልቀቱ ላይ እማማ ምንም ምሕረት አልነበራቸውም። የግንዱና የሥሩ መገናኛ ከመሬቱ ጋር እኩል መሆን አለበት። ዝቅ ካለ አንገቱ ይበሰብሳል፤ ከፍ ካለ ሥሩ ይጋለጣል። አፈሩ በየደረጃው እየተጨመረ ዙሪያውን በእጅ ይጠቀጠቃል፤ አየር የያዘ ክፍተት እንዳይቀር። የችግኙ የራሱ አፈር ላይ ግን አይጫኑም፤ ያ ተጫነ ማለት ሥሩ ተፈጨ ማለት ነው። ሲጨርሱ አንድ ቅጠል በሁለት ጣት ይዘው ሳብ ያደርጋሉ። ቅጠሉ ከተቀደደ ችግኙ በደንብ ተተክሏል፤ ችግኙ ተነስቶ ከመጣ እንደገና። እኔ የተከልኳቸውን እየዞሩ ሲስቡ ልቤ እንዴት ይመታ እንደነበር!

ከዚያ ጉዝጓዝ፣ ግንዱን ሳይነካ። ከዚያ ጊዜያዊ ጥላ። እንደ ዋንዛና ሰሳ ያሉ የጥላ ዛፎች ከላይ ካሉ ለኋላው ዘመን እነሱ ይበቃሉ።

አንድ ነገር ልጨምር። ቡና ሲደርቅ ሁሉ ሥሩ ታጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። የቡና አድርቅ በሽታ የሚባል ፈንገስ አለ፤ የግንዱ ቅርፊት ሲላጥ ከቅርፊቱ በታች ያለው እንጨት ጠቁሮ ይገኛል። እሱም ቢሆን የሚገባው በቁስል ነው፤ በአረም ጊዜ ዶማ ወይም ገጀራ የነካው የግንድ ታችና ሥር በር ይከፍትለታል። በግንዱ ዙሪያ አረሙን በእጅ መንቀል ወይም ማጨድ የሚመከረው ለዚህ ነው። ዝርያም የራሱ ድርሻ አለው። በ1963 ዓ.ም. የቡና ፍሬ በሽታ አገራችን ገብቶ ገበሬውን ሲያስጨንቅ የምርምር ሰዎች በሽታውን የሚቋቋሙ ዛፎችን ፍለጋ ጫካ ለጫካ ዞሩ፤ 74110 እና 74112 የሚባሉት ዛሬ በሰፊው የሚተከሉ ዝርያዎች የተገኙት ከዚያ ነው። ቁጥራቸው ላይ ያለው 74 የተመረጡበትን የፈረንጆች 1974 ያመለክታል። እነዚያ ተመራማሪዎች ትልቅ ውለታ ውለውልናል። ነገር ግን በሽታ የሚቋቋም ዝርያ የታጠፈ ሥርን አይቋቋምም። ምርጥ ዘር ይዞ በጠባብ ጉድጓድ መትከል የእነዚያን ሰዎች ድካም ከንቱ ማድረግ ነው።

ሜሪላንድ የምትኖር እህቴ ሳሎኗ ውስጥ መስኮት ሥር ቡና ተክላለች። የአባታችንን ማሳ ፎቶ ስልክላት የራሷን ፎቶ ትልክልኛለች። አንድ ጊዜ «ደህና ነበር፣ አሁን ቅጠሉ እየረገፈ ነው፣ ውኃ ሲጠጣም ወዲያው በታች ያፈሰዋል» አለችኝ። ሥሩ ማስቀመጫውን ሞልቶ ዙሪያውን ተጠምጥሞ ነበር። ከነበረበት ትንሽ ብቻ ሰፋ ወዳለ ማስቀመጫ እንድታዛውረው ነገርኳት፤ በጣም ትልቅ ከሆነ ትርፉ አፈር ውኃ ይዞ ሥሩን ያበሰብሳልና። ብርዱ እስኪያልፍ ጠበቀች። ዋዜማውን አጠጣችው፣ ማስቀመጫውን ጋደም አድርጋ ጎኑን እየመታች ከታች ደግፋ አወጣችው፣ ዙሪያውን የተጠመጠሙትን በጣቷ ፈታ ፈታ አደረገች፣ ያልተፈታውን በመቀስ ቆረጠች። ለሁለት ሳምንት ከቀጥታ ፀሐይ አራቀችው፤ ማዳበሪያም አልሰጠችውም። ያንን ስትሠራ በስልክ አብሬያት ነበርኩ። ሁለታችንም ስለ አባታችን አላወራንም። ስለ ሌላ ነገር ግን አናስብም ነበር።

ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ እንደተተከለ የኢትዮጵያ መንግሥት ሲገልጽ ደስ ብሎኛል። ከዚያ ወዲህ በየክረምቱ ችግኝ ነክተው የማያውቁ እጆች ችግኝ ይይዛሉ፤ ተማሪው፣ የቢሮ ሠራተኛው፣ እናቶች ከነልጆቻቸው። ያንን ሁሉ ፍቅር ሳይ አንድ ነገር እመኛለሁ፤ ሰው ጉድጓዱ አጠገብ ከመንበርከኩ በፊት ምላጩን እንዴት እንደሚይዝ፣ ፕላስቲኩን እንዴት እንደሚያወልቅ፣ ሥሩን እንዴት እንደሚያይ አንድ የሚያውቅ ሰው እንዲያሳየው። ለዚህ አምስት ደቂቃ ይበቃል።

እማማ ዛሬ በሕይወት የሉም። ማሳው ግን ሞልቷል። ይሁንና እያንዳንዱን ክረምት በፍርሃት ነው የምጀምረው፤ ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ችግኙን ጉድጓድ ውስጥ አቁሜ አፈር ስመልስ ከእንግዲህ የማላየውን ነገር እየሸፈንኩ እንደሆነ አውቃለሁ። ስለዚህ ደግሜ አያለሁ። ሠራተኞቹ ይሰለቹኛል፤ ይሰልቹኝ።

በመጪው ሰኔ ችግኝ የምትረከቡ ሁሉ፣ ቡናም ይሁን ዋንዛ፣ አቮካዶም ይሁን ማንጎ፣ ከመትከላችሁ በፊት ከየረድፉ አንድ አንድ መሥዋዕት አድርጋችሁ ሥሩን በውኃ እጠቡት። ታጥፎ ካገኛችሁት ሌላ ጨምሩ። እሱም ከታጠፈ ያንን ረድፍ አትትከሉ፤ ለሸጠላችሁም ሰው ሥሩን አሳዩት።